ስንዱ ገብሩ እና የመነን መድረክ

ስለ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የተጻፈ ነገር ያነበበ ሰው ሦስት ነገር አያጣም። አርበኛ ነበሩ፤ ጣሊያን አስሯቸዋል፤ በሕዝብ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው። ሦስቱም እውነት ነው፤ ሦስቱም ትልቅ ነገር ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያቆመኝ ግን በእነዚህ መካከል ተጨምቃ የምታልፍ አንዲት መስመር ናት፦ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት በነበሩበት ጊዜ ተማሪዎቻቸው የሚጫወቷቸውን ቴአትሮች ይጽፉ ነበር የምትለው።

የሥነ ጽሑፍ ሰዎቻችን ይህችን መስመር የሚመዝኗት በድርሰት ሚዛን ነው። ቴአትሮቹ ትምህርታዊ ናቸው፣ ምክር ይበዛባቸዋል ይሉና ወደ ሚቀጥለው ደራሲ ያልፋሉ። እኔ ጉለሌ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዓመታት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ነገሩን የማየው ከክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። ከክፍል ውስጥ ሲታይ ደግሞ ሚዛኑ ይለወጣል።

ወይዘሮ ስንዱ የተወለዱት በጥር ወር 1908 ዓ.ም አዲስ ዓለም ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በልጅነታቸው ሚሲዮናውያን ወደ ውጭ ወስደው ያስተማሯቸው፣ ጀርመንኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ፣ ለጎንደር ከንቲባነት የበቁ ሰው ነበሩ። በ1911 ዓ.ም ወደ አሜሪካ ከተላከው የኢትዮጵያ መልዕክተኛ ቡድን አባላትም አንዱ ናቸው። እንዲህ ያለ አባት ሴት ልጆቹን ቤት አያስቀምጥም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ስንዱ ከታናሽ እህታቸው ከየውብዳር ጋር ስዊዘርላንድ ተላኩ። የየውብዳር መጨረሻ ገዳምና ፒያኖ ሆነ፤ በ2015 ዓ.ም ኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እሳቸው ናቸው። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ የታናሽየዋ ስም ከታላቅየዋ ይበልጥ ይታወቃል። ሙዚቃ አስተርጓሚ አይፈልግም፤ የአማርኛ ቴአትር ግን ይፈልጋል።

ስንዱ ከስዊዘርላንድ ሲመለሱ አስተማሪ ሆኑ። ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ መጣ። ማይጨው ላይ ከሆነው በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላ፣ ወደ ምዕራብ ካመሩትና የጥቁር አንበሳን ጦር ከተቀላቀሉት መካከል ነበሩ። ጥቁር አንበሳ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖችና የተማሩ ሰዎች የተሰባሰቡበት፣ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የመሩት ድርጅት ነው። በሰኔ 1928 ዓ.ም ነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች ያቃጠሉት የዚሁ ድርጅት ሰዎች ናቸው። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም ራስ እምሩ ሲማረኩ የምዕራቡ ትግል ተፈታ። የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ደግሞ ፋሺስቶች የተማረ የሚባለውን ሁሉ ማደን ጀመሩ። የከንቲባ ገብሩ ቤተሰብ አዚናራ ተጋዘ። አዚናራ ከሰርዲኒያ በስተሰሜን ያለች ደሴት ናት፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን መሳፍንት፣ መኳንንትና የተማሩ ሰዎች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ታስረውባታል።

ከነፃነት በኋላ ወይዘሮ ስንዱ መጀመሪያ የተመደቡት ደሴ፣ ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተዛወሩ። (ወይዘሮ ስህን የእቴጌ መነን እናት ናቸው። ስለዚህ ስንዱ በእናት ስም ከተሰየመ ትምህርት ቤት ተነስተው በልጅ ስም ወደ ተሰየመ ትምህርት ቤት ሄዱ ማለት ነው።)

የመነን ትምህርት ቤት ከስድስት ኪሎ ብዙም ሳይርቅ ዛሬ ጉለሌ ክፍለ ከተማ በምንለው አካባቢ የተሠራ ሲሆን፣ እቴጌይቱ በ1924 ዓ.ም አካባቢ ያቋቋሙት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ነው። የሰፈሩ ሰው አካባቢውን እስካሁን መነን ነው የሚለው። ከጦርነቱ በፊት የሚመራው በፈረንሳዊት ነበር፤ ትምህርቱም ፈረንሳይኛ ይበዛበታል። ከነፃነት በኋላ እንግሊዞች መጡ፣ እንግሊዝኛም ተከተለ። አማርኛ በአገር አቀፍ ደረጃ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ የሆነው በ1956 ዓ.ም ገደማ ነውና፣ ከዚያ በፊት አማርኛ ከትምህርቶች መካከል አንዱ ብቻ ነበር። ሒሳቡም ጂኦግራፊውም በባዕድ ቋንቋ ነው። አንዲት ጎበዝ ተማሪ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሳትደናቀፍ እያነበበች፣ ከአገር ቤት የመጣላትን ደብዳቤ ፊደል በፊደል ብትለቅም የሚገርም አልነበረም።

የወንዶቹ ነገር ትንሽ ይለያል። ብዙዎቹ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት የኔታ ዘንድ ተቀምጠው ፊደል ቆጥረዋል፣ ዳዊት ደግመዋል። የቄስ ትምህርት የድምፅ ትምህርት ነው፤ ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እየተባለ ተማሪው አንዱን ጽሑፍ በተለያየ አካሄድ ጮክ ብሎ እየደጋገመ ይወጣዋል። ሴት ልጅ በዚህ በር የምትገባው አልፎ አልፎ ነበር። ስለዚህ የመነን ርእሰ መምህርት ፊት የነበረው ጥያቄ፣ የኔታ ያልነበሯቸው ልጆች በአማርኛ ጮክ ብለው የሚያነቡበት ምክንያት ከየት ይምጣ የሚል ይመስለኛል። ወይዘሮ ስንዱ ጥያቄውን በዚህ መልክ ስለማስቀመጣቸው ማስረጃ የለኝም፤ ይህ የእኔ አረዳድ ነው። መልሱ ግን በእጃችን አለ፤ ቴአትሮቹ።

የትምህርት ቤት ቴአትር እሳቸው የፈጠሩት ነገር አይደለም። እንዲያውም የአማርኛ ቴአትር ራሱ ከልጆች ጨዋታ ብዙም የራቀ አልነበረም። በ1913 ዓ.ም አካባቢ የታየው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የመጀመሪያ ተውኔት የእንስሳት ተረት ነው፤ ምንጩም የፈረንሳዩ ላ ፎንቴን። እንስሳቱ ሹማምንቱን መሰሉና ነገሩ በቤተ መንግሥት አልተወደደም። ከዚያ በኋላ ቴአትርን ያቆዩት ዮፍታሔ ንጉሤና መልአኩ በጎሰው ሁለቱም አስተማሪዎች ናቸው፤ ተዋናዮቻቸውም ተማሪዎች። ልዩነቱ እነዚያ ተማሪዎች ወንዶች መሆናቸው ነው። በ1927 ዓ.ም የተመሠረተው ሀገር ፍቅር እንኳን ለረጅም ጊዜ የሴት ገፀ ባሕርይ የሚያሠራው ወንድ ቀሚስ አልብሶ ነበር፤ በኋላ በቴሌቪዥን የልጆች ሁሉ አባት የሆኑት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በወጣትነታቸው የታወቁት በሴት ገፀ ባሕርያት ነው። በዚያ ዘመን መነን ግቢ ውስጥ ሴት ልጆች መድረክ ላይ ይወጡ ነበር። በልጃገረዶች ትምህርት ቤት ደግሞ ፂም የሚለጠፍላትም ልጅ አትጠፋም።

አሁን ወደ ክፍሉ ልግባ። አንድ ተውኔት ለሃያ ልጆች ለማከፋፈል ፎቶ ኮፒ በሌለበት ዘመን ድርሻን በእጅ መገልበጥ ግድ ነው። መገልበጥ ማለት ጽሕፈት ነው። የራስን ቃል ለመናገር የሌላዋ ቃል የት እንደሚያበቃ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ነጠላ ሰረዝንና አራት ነጥብን በአፍ መማር ነው። ቃሉን በቃል እስኪይዙት ድረስ ሃምሳ ጊዜ ማንበብ ይመጣል። የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ያለ አንቀጽ ሃምሳ ጊዜ እንዲነበብ ለማድረግ አለንጋ ያስፈልግ ይሆናል፤ ለቴአትር ግን ልጅቷ ራሷ ማታ ማታ መኝታ ክፍል ውስጥ ታነበንበዋለች።

ከሁሉ በላይ ግን የአማርኛ ፊደል አንድ ጉድ አለው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት ተዘርዝረው 231 ሆነው ሳሉ፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለዩልንም። ገና ሲጠብቅና ሲላላ ሌላ ነው፤ ዋናም፣ አለም እንዲሁ። አህያው ይበላል ብሎ የጻፈ ሰው አህያው ሣር ይግጥ ወይም የጅብ ራት ይሁን ወረቀቱ ላይ አይታይም። ልጅ ክፍል ውስጥ ተራ ደርሶት ሲያነብ ሁለቱን ቢያምታታ ማንም ልብ አይለው ይሆናል፤ እሱም ምን እንዳነበበ ሳያውቅ ይቀመጣል። መድረክ ላይ ግን አዳራሹ ይስቃል። ተዋናይዋ ከመናገሯ በፊት ዓረፍተ ነገሩ ምን እንደሚል መረዳት አለባት። የንባብ ባለሙያዎች ዛሬ አንብቦ መረዳት የሚሉትን ነገር ቴአትር ያለ ምንም ፈተና ወረቀት ይፈትነዋል።

የሚጫወቱት ነገርም ቀላል አልነበረም። ወይዘሮ ስንዱ በ1942 ዓ.ም ያሳተሙት የልቤ መጽሐፍ ግጥሞችንና ተውኔቶችን ይዟል፤ በአማርኛ መጽሐፍ ካሳተሙ የመጀመሪያዎቹ ሴቶችም አንዷ አድርጓቸዋል። የአርበኝነትና የአገር ፍቅር ነገር ይበዛበታል። ተማሪዎቹ በጣሊያን ዘመን የተወለዱ ወይም ሕፃናት የነበሩ ልጆች ናቸው። ከእነሱ መካከል አባቱ የሞተባት፣ ወንድሙ የጠፋባት አትኖርም ማለት አይቻልም። ያንን ታሪክ ከአዚናራ የተመለሰች ሴት ጽፋ ስትሰጣቸው የተጫወቱት በቤታቸው በሹክሹክታ የሚወራውን ነገር ነበር። በቤት የሚወራ ነገር በፊደል ተጽፎ ማግኘት ለጀማሪ አንባቢ ምን ማለት እንደሆነ ያስተማረ ሰው ያውቀዋል። ምክሩ በዝቷል የሚሉት ተቺዎች አልተሳሳቱም፤ እኔም አንዳንዱን ገጽ ሳነብ ስብከት ስብከት ይለኛል። ነገር ግን እነዚህ ጽሑፎች የተጻፉት ብቻውን ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው አይደለም። የዳቦ መጋገሪያውን ቆርቆሮ ቀምሶ አልጣፈጠም እንደማለት ነው።

ከመነን በኋላ ያለው ታሪክ የታወቀ ስለሆነ አላስረዝመውም። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት በ1950 ዓ.ም መግቢያ የመጀመሪያው አጠቃላይ ምርጫ ሲካሄድ ከአዲስ አበባ ተወዳድረው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ገቡ፤ በኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በምዕራብ ጀርመን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሠሩ። ከአብዮቱ በኋላ የትምህርት ቤቱ ስም ከእቴጌይቱ ወደ የካቲት 12 ተለወጠ። እዚህ ላይ ታሪክ ቀልደኛ ነው፤ የካቲት 12 ለቀድሞዋ ርእሰ መምህርት የአደባባይ ሐውልት ብቻ ሳይሆን ቤተሰባቸውን ለግዞት የዳረገ ቀን ነበር። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ግቢው እንደገና የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ሲሆን የእቴጌ መነን ስም ተመልሶለታል። ወይዘሮ ስንዱ ያንን አላዩም፤ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም በ93 ዓመታቸው አርፈዋል።

እሳቸው ባረፉ በዓመቱ፣ በ2002 ዓ.ም በስምንት ክልሎች የተደረገ የንባብ ምዘና ውጤት ወጣ። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። አዲስ አበባ ከሌሎቹ የተሻለች ነበረች፤ ቢሆንም እኔ የማውቃቸው ክፍሎች ውስጥ ያን ዓይነት ልጆች ነበሩ። መጽሐፉን ከነሥዕሉ በቃላቸው ስለሚሸመድዱ ቶሎ አይታወቁም። ገጹን ገልብጠህ ከመሀል ጀምር ስትለው ነው ልጁ የሚጠፋው።

ያኔ ክፍሌ ውስጥ የጅብና የአህያን ተረት ለስድስት ልጆች አከፋፍዬ አጫውቼ ነበር። ወረቀት ስላልነበረን ድርሻቸውን ከሰሌዳ ገለበጡ። አንዱ፣ ከላይ ያልኩት ዓይነት ልጅ፣ ጅብ ደረሰው። ሁለት ሳምንት ያህል ሌሎቹ ሲናገሩ ጣቱን ወረቀቱ ላይ እየጎተተ ተራው የት እንደሚጀምር ይፈልግ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከአህያዋ ጋር ተጣላ፤ ይበላል የሚለውን አላልታ አነበበችው፣ መጥበቅ ነበረበት ብሎ።