ማይክል ፋራዳይ

ማይክል ፋራዳይ (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 – ኦገስት 25 ቀን 1867) እንግሊዛዊ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። ጄኔሬተርና ትራንስፎርመር የሚሠሩበትን የኢንዳክሽን ሕግ በማግኘቱ ይታወቃል። በ1836 ያሠራው ከኤሌክትሪክ የሚከልል ሳጥን በስሙ ይጠራል፤ ዛሬ በሆስፒታሎች የኤም አር አይ ክፍል ከውጭ ረብሻ የሚጠበቀው በዚሁ ዓይነት ሳጥን ነው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የወጣትነት ዘመን

ፋራዳይ የተወለደው ዛሬ የለንደን ክፍል በሆነው ኒውንግተን ነው። አባቱ ጄምስ ቀጥቃጭ ነበር። ቤተሰቡ ድሃ ስለ ነበር ልጁ ማንበብ፣ መጻፍና ጥቂት ስሌት ከመማር አላለፈም። በ14 ዓመቱ ጆርጅ ሪቦ ከተባለ መጽሐፍ ደጓሽ ዘንድ በተለማማጅነት ገብቶ 7 ዓመት ሠራ። ለድጉሰት የሚመጡትን መጻሕፍትም ያነብ ነበር። በተለይ በኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈው ክፍልና የጄን ማርሴት የኬሚስትሪ መጽሐፍ ወደ ሳይንስ ሳቡት።

በ1812 አንድ የሱቁ ደንበኛ የታዋቂውን ኬሚስት የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት የሚሰማበት ትኬት ሰጠው። ፋራዳይ የያዘውን ማስታወሻ በንጽሕና ገልብጦ፣ ራሱ ደጉሶ ለዴቪ ላከለት። በ1813 በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን የዴቪ የላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። አብዛኛውን ሥራውን ያከናወነው በዚሁ ተቋም ነው።

ግኝቶቹ

በ1821 ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ በማግኔት ዙሪያ እንዲዞር አደረገ። ይህ የኤሌክትሪክ ሞተር መነሻ ነው። በ1825 ቤንዚን የተባለውን የኬሚስትሪ ውህድ ለየ (ከመኪና ነዳጅ ጋር ስሙ ቢመሳሰልም የተለየ ነው)።

ኦገስት 29 ቀን 1831 በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት የተለያዩ ሽቦዎች ጠመጠመ። በአንዱ ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ወይም ሲቋረጥ፣ በሌላው ሽቦ ላይ የተገናኘው መርፌ ለቅጽበት ይንቀሳቀስ ነበር። ፍሰቱ ሳይለዋወጥ ሲቆይ ግን መርፌው ጸጥ ይላል። ስለዚህ በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚፈጥረው የማግኔት መኖር ሳይሆን የማግኔት መለዋወጥ መሆኑን ተረዳ።

ይኸው ሕግ የሲግናል ረብሻ ከየት እንደሚመጣም ያስረዳል። በአቅራቢያው ያለ ማግኔታዊ ኃይል በተለዋወጠ ቁጥር ማንኛውም የሽቦ ዙር ያልተፈለገ ኤሌክትሪክ ይቀበላል። ሁለት የመረጃ ሽቦዎች እርስ በርስ ተጠምዝዘው የሚሠሩት በአንዱ ጥምዝ የገባው ረብሻ በቀጣዩ ጥምዝ እንዲጠፋ ነው።

የፋራዳይ ሳጥን

በ1836 ፋራዳይ በየአቅጣጫው 12 ጫማ (3.6 ሜትር ያህል) የሆነ የእንጨት ክፍል አሠርቶ በመዳብ ሽቦና በስስ የብረት ልባጥ ሸፈነው። ውጭውን በኃይለኛ ማመንጫ በኤሌክትሪክ እንዲሞላ አድርጎ እሱ መለኪያዎቹን ይዞ ውስጥ ገባ። ከውጭ ብልጭታ ሲፈናጠር በውስጥ ያሉት መለኪያዎች ምንም አላሳዩም። ኤሌክትሪኩ በብረቱ ውጫዊ ገጽ ላይ ብቻ መቅረቱን በዚህ አረጋገጠ።

የመጨረሻ ዓመታት

ፋራዳይ የሰር ማዕረግን አልቀበልም ብሏል፤ የሮያል ሶሳይቲን ፕሬዚዳንትነትም ሁለት ጊዜ እንቢ ብሏል። ከባለቤቱ ከሣራ ባርናርድ ልጅ አልወለደም። ያረፈው የእንግሊዝ ጦር በዛሬው ደቡብ ወሎ የምትገኘውን መቅደላን ከመያዙ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። የተቀበረው በለንደን ሃይጌት መካነ መቃብር ነው። የኤሌክትሪክ ማከማቻ አቅም መለኪያ የሆነው ፋራድ በስሙ ተሰይሟል።

በሕክምና ምስል መሣሪያዎች

ኤም አር አይ ምስል የሚሠራው በሰውነት ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን በሚመጣ እጅግ ደካማ የራዲዮ ሲግናል ነው። ሲግናሉ በ1.5 ቴስላ መሣሪያ 64 ሜጋ ኸርዝ፣ በ3 ቴስላ ደግሞ 128 ሜጋ ኸርዝ ገደማ ነው። ኤፍ ኤም ራዲዮ የሚተላለፍበት ከ88 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ በሁለቱ መካከል ይገኛል። የውጭ ሞገድ ከገባ በምስሉ ላይ መስመርና ነጠብጣብ ይታያል፤ ሐኪሙ የሚፈልገውን ቁስል ሊሸፍንበት ወይም ምርመራውን ሊያስደግም ይችላል።

ስለዚህ የክፍሉ ግድግዳ፣ ጣሪያና ወለል በመዳብ ወይም በሌላ ብረት ይለበጣል፤ መስኮቱ የብረት ወንፊት ይደረግለታል፤ በሩም ሲዘጋ ከልባጡ ጋር ዙሪያውን ይገናኛል። በሩ ክፍት ከቀረ የሳጥኑ ጥቅም ይቀንሳል። ከውጭ የሚገባ የኤሌክትሪክ ሽቦ በማጣሪያ በኩል ያልፋል። መረጃ በፋይበር ኦፕቲክ ሲተላለፍ ደግሞ ተሸካሚው ብርሃን ስለሆነ የኢንዳክሽን ረብሻ በመስመሩ ላይ አይደርስም።

ሳጥኑ ሁሉን አይከለክልም። ክፍሉ ውስጥ የተበላሸ መብራት የሚፈጥረውን ረብሻ አያስቀርም፤ ቀስ ብሎ የሚለዋወጥ ማግኔታዊ ኃይልም በመዳብ ያልፋል። ከባድ መኪና ወይም ትልቅ ትራንስፎርመር በቅርብ ካለ ምስሉ ሊዛባ ስለሚችል የክፍሉ ቦታ አስቀድሞ ይጠናል።

ይህ ጉዳይ በደሴና በኮምቦልቻም የሚታሰብ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሁለቱንም ከተሞች ያቋርጣል፤ በኮምቦልቻ ደግሞ ፋብሪካዎችና የኢንዱስትሪ ፓርክ አሉ። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ በረብሻ የተበላሸ ምስል ታካሚውን ለረጅም መንገድና ለተጨማሪ ወጪ ሊዳርገው ይችላል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናን በደሴ፣ የኤሌክትሪክ ምሕንድስናን በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያስተምራል፤ ጥርት ያለ ምስል ለማግኘት የሁለቱም ሙያ ያስፈልጋል።