የአውግስጢኖስ ጸሎት

እግዚአብሔር የሚሆነውን ሁሉ አስቀድሞ ከወሰነ መጸለይ ምን ይረባል? ይህ ጥያቄ በተማሪዎች ማደሪያ ስንት ሌሊት አከራክሯል! አውግስጢኖስ ግን ገና በወጣትነቱ በእናቱ እንባ ላይ አገኘው።

አውግስጢኖስ ዛሬ አልጀሪያ በሚባለው አገር፥ በታጋስት ከተማ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ354 ዓ.ም. ተወለደ። እናቱ ሞኒካ ክርስቲያን ነበረች። ልጅዋ የማኒን ሃይማኖት ተከትሎ ዘጠኝ ዓመት ያህል ሲቆይ፥ እርስዋ እንዲመለስላት ሌት ተቀን ታለቅስ ነበር። በ383 ወደ ሮማ ለመሄድ በተነሣ ጊዜ አልለይህም ብላ እስከ ካርታጎ ወደብ ተከተለችው። እርሱም ወዳጁን የሚሸኝ መስሎ አታለላት። በወደቡ አጠገብ በሚገኘው በሰማዕቱ በቆጵርያኖስ መታሰቢያ ቤት፥ እንዳይሄድባት ስትጸልይ አደረች፤ ሲነጋ ልጅዋም መርከቡም የሉም። ነገር ግን ያ መንገድ ሚላኖ አድርሶት የጳጳሱን የአምብሮስዮስን ስብከት ሰማ፤ በ387 በፋሲካ ተጠመቀ። ኑዛዜ በተባለው መጽሐፉ ይህን ሲተርክ፥ እግዚአብሔር የዚያን ሌሊት ልመናዋን የነሣት ዘወትር የምትለምነውን ሊሰጣት ነው ይላል።

በኋላ የሂጶ ጳጳስ ሆነ። በዚሁ መጽሐፍ፥ አምላክ የሚያዘውን ለመፈጸም የሚያስችለውን ኃይል ራሱ አምላክ እንዲሰጠው ይለምናል። ጵላግዮስ የተባለው መምህር ይህን በሮማ ሲሰማ ተቆጣ፤ ሰው በገዛ ፈቃዱ መልካም መሥራት ይችላል ባይ ነበርና። ክርክሩ እስከ አውግስጢኖስ ዕድሜ ማብቂያ ዘለቀ። በዛሬይቱ ቱኒዚያ በሐድሩሜጦም ገዳም የነበሩ አንዳንድ መነኮሳትም፥ ሁሉ በጸጋ ከሆነ አለቃችን ይጸልይልን እንጂ ስለ ምን ይገሥጸናል እስከ ማለት ደረሱ።

የአውግስጢኖስ መልስ፥ ስጦታውን የወሰነ አምላክ የሚሰጥበትንም መንገድ ወስኗል የሚል ነው። የእምነት መጀመሪያ ላልለመነም ይሰጣል፤ እስከ ፍጻሜ መጽናት ግን ለሚለምኑ የተዘጋጀ ነው። ጽናት በእጃችን ቢሆን ኖሮ ወደ ፈተና አታግባን ብለን ባልለመንን ነበር። ይህ መልስ ሁሉን አይፈታም፤ ያልተመረጠው ሰውስ ምን ይሁን ለሚለው፥ የአምላክ ፍርድ አይመረመርም ከማለት በቀር የሚያጽናና ቃል አላስቀረም። እኔ በበኩሌ ይህ ይከብደኛል።

በ430 ቫንዳሎች ሂጶን ከበቡ። እርሱም ከተማይቱን እንዲያድናት፥ ይህ ካልተፈቀደ አገልጋዮቹን እንዲያጸናቸው፥ ወይም እርሱን ከዚህ ዓለም እንዲወስደው አምላኩን ለመነ። በከበባው በሦስተኛው ወር ታመመ። የዳዊትን የንስሓ መዝሙራት አስጽፎ በግድግዳው ላይ አሰቀለ፤ ተኝቶ እያነበበ ያለቅስ ነበር። ዐሥር ቀን ያህል ሲቀረው፥ ከሐኪሞችና ምግብ ከሚያመጡለት በቀር ማንም እንዳይገባ አዝዞ ጊዜውን ሁሉ ለጸሎት ሰጠ። ነሐሴ 28 ቀን፥ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር፥ በ75 ዓመቱ ዐረፈ። ከበባው ገና አልተነሣም ነበር።