ሺምፐርና የአህያ ጆሮ

በዱከም አካባቢ፣ በመንገድ ዳርና ከብት አብዝቶ በጋጠው መሬት ላይ፣ ሰፋፊ ቅጠሎቹ ለስላሳ ጠጉር የለበሱ፣ ግንዱን ቀጥ አድርጎ ቢጫ አበባ የሚያወጣ ተክል ይበቅላል። በአማርኛ ቀጠጥና ወይም የአህያ ጆሮ ይባላል፤ ጉራ ሃሬ የሚለው የኦሮምኛ ስሙም ትርጉሙ ያው ነው። በሳይንስ ቨርባስከም ሲናይቲከም ሲሆን፣ ዘመዶቹ በሜዲትራኒያን ዙሪያ በብዛት ይገኛሉ። ከሩቅ ያየው ሰው ወደ አዳማ ሲወርዱ ከሚገኘው ጦቢያ ጋር ሊያምታታው ይችላል። ይሁን እንጂ የጦቢያ ቅጠል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል፤ ቅጠሎቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። ቀጠጥና ወተት የለውም፤ ቅጠሎቹ ይፈራረቃሉ፤ በአበባው ውስጥ ያሉት አምስቱ ወንዴ ክፍሎችም ዘንጋቸው ጠጉራም ነው።

እንዲህ ላለው ልዩነት ማስረጃ የሚሆኑትን የኢትዮጵያ ዕፀዋት በመሰብሰብ ዕድሜውን የፈጸመ ሰው ጌዎርግ ቪልሄልም ሺምፐር ነው። እ.ኤ.አ. በ1804 በጀርመን ተወለደ (የሚከተሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በኤስሊንገን ከተማ የነበረ አንድ ማኅበር ከአባላቱ ገንዘብ እየሰበሰበ ተጓዦችን ይልክ ነበር፤ አባላቱም በምላሹ የደረቁ ዕፀዋት ይደርሳቸዋል። ሺምፐር በዚህ ማኅበር ወጪ፣ ቀጠጥና የሳይንስ ስሙን ያገኘበትን የሲናን ተራራማ አገር በ1835 አሰሰ፤ በ1837 ትግራይ ገባ።

ደጃዝማች ውቤ እንትጮን እንዲያስተዳድር ሾሙት፤ ኢትዮጵያዊት አግብቶም ልጆች ወለደ። በ1855 ውቤ በቴዎድሮስ ድል ሲሆኑ ሹመቱ ቀረ፤ ዕፅ መልቀሙን ግን አልተወም። በ1878 ዓድዋ ላይ ሞተ። ስለ ሹመቱ ብዙ ይወራል፤ ዋናው ሥራው ግን ወረቀቱ ላይ ነው።

ያንን ሥራ መሐንዲስ በቀላሉ ይረዳዋል። አንድ ተክል ከነአበባው በወረቀት መካከል ተጭኖ ይደርቃል፤ ቁጥር፣ የተለቀመበት ቦታና ቀን ይጻፍበታል። ቦታና ቀን የሌለው ናሙና፣ መነሻ ነጥቡ እንደ ጠፋ የቅየሳ መዝገብ ነው። ሺምፐር ከአንዱ ተክል ብዙ ናሙና ስለሚያዘጋጅ፣ በአንድ ቁጥር የሚታወቁት ቅጂዎች በአውሮፓ ልዩ ልዩ የዕፀዋት ቤተ መዛግብት ተበተኑ። ይህ የተደረገው ለደንበኞች ለማዳረስ ነበር፤ ነገር ግን ሌላ ጥቅም አስገኘ። መጋቢት 1943 በርሊን በአውሮፕላን ስትደበደብ የዳሌም የዕፀዋት ስብስብ አብዛኛው ተቃጠለ፤ ከሺምፐርም ናሙናዎች ብዙዎቹ አብረው ጠፉ። ዛሬ ስለ ጠፋው ናሙና የሚመረምር ባለሙያ፣ ብዙውን ጊዜ የዚያኑ ቁጥር ወንድም በለንደን ኪው ወይም በፓሪስ ያገኘዋል።