ሼህ ጦልሃ፦ ከኪታብ ወደ ጫካ፣ ከጫካ ወደ መንዙማ

በረመዳን ምሽት ከተራዊህ ሶላት በኋላ በደሴና በኮምቦልቻ ቤቶች ድቤ ሲመታና መንዙማ ሲዜም፣ ግጥሙን ማን እንደ ደረሰው የምንጠይቀው ጥቂቶች ነን። በአማርኛ መንዙማ ስማቸው ከሚነሣው የወሎ ዓሊሞች አንዱ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ናቸው። ዛሬ የምናነሣቸው ግን ለግጥማቸው ብቻ አይደለም።

ሼህ ጦልሃ የተወለዱት በ1840ዎቹ አጋማሽ ገደማ ነው። በዚያ ዘመን የወሎ ደረሳ ከአንዱ ሸህ ፊቅህ፣ ከሌላው ነህው እየቀራ አገር ለአገር ይዞር ነበር። እርሳቸውም በዚሁ ወግ ዕውቀት ገብይተው ለማስቀራት በቁ።

በ1870 ዓ.ም. ግን ነገር ተለወጠ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ በስተሰሜን ባለችው ቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ጠሩ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ተገኙ። የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሣ ታዘዘ። የወሎ ገዥዎች መሐመድ አሊ ሚካኤል፣ አባ ዋጠው ደግሞ ኃይለ ማርያም ተብለው ተጠመቁ።

ሕዝቡ ምን ያድርግ? ከፊሉ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ከፊሉ ቀዬውን ጥሎ ወደ ሐረርጌ፣ ወደ አርሲ፣ ወደ ጅማ፣ እስከ መተማም ተሰደደ። ሼህ ጦልሃ ግን ሦስተኛውን መንገድ መረጡ። በ1870ዎቹ በቃሉና በአካባቢው ተከታዮቻቸውን አሰልፈው ሸፈቱ። ኪታብ ሲያስቀሩ የኖሩ ሰው የጦር መሪ ሆኑ።

የነገሥታቱ ጦር በረታ፤ ዐመፁ ከሸፈ፤ ወሎም ክፉኛ ተጎዳች። ሼህ ጦልሃ ግን ከዘመቻው ተረፉ። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ፤ በምኒልክ ዘመንም የቦሩ ሜዳው አዋጅ እየላላ መጣ። ሸሁ ከዚያ በኋላም ረጅም ዕድሜ ኖረው በ1928 ዓ.ም. ገደማ አረፉ።

ለእኛ የቀረን ውርሳቸው ብዕራቸው ነው። አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል፣ ዐጀሚ በምንለው አጻጻፍ፣ በግጥም አሰፈሩት። በዚህ መንገድ ዐረብኛ የማይሰማው ገበሬ፣ ኪታብ ያልቀራች እናት፣ ሃይማኖቱን በገዛ ቋንቋው በዜማ ያዘ። መስጊድ የማይደርስበት ጓዳ ድረስ መንዙማ ገባ። ጦር ያልቻለውን ግጥም ቻለው ማለት ነው።

ዛሬ በወሎ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው ይኖራሉ፤ በዒድም በፋሲካም ይጠራራሉ። ያንን ክፉ ዘመን የምናስታውሰው ቂም ልንቋጥር ሳይሆን፣ እምነት በግዴታ እንደማይጸና ለልጆቻችን ልንነግር ነው።

ውድ አንባብያን፣ ከአያት የወረሳችሁት የዐጀሚ ጽሑፍ በሳጥን ውስጥ ካለ ከእርጥበትና ከምስጥ ጠብቁት። ዛሬ ማታ ከፊጥራ በኋላም ማንበብ የሚችል ሽማግሌ ፈልጋችሁ ለልጆቻችሁ አስነብቡት። መልካም የጾም ወር ይሁንላችሁ!