ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ከተማ ተወለዱ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲወድቁ ገና የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን ነበሩ። በጦርነቱ ግርግር ከወላጆቻቸው ተለይተው ስለ ተገኙ አንድ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ወደ ሕንድ አገር ወሰዳቸው። እዚያም ከሁለት መኮንኖች ስም የተውጣጣ ስም ወጥቶላቸው ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ። በ1874 ዓ.ም. ከላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ፤ በስኮትላንድ ትምህርታቸውን አሻሽለው በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ።

የአድዋ ድል ዜና ከተሰማ በኋላ አገራቸውን ለማየት መጡ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ የደረሰውን ይህን እንግዳ ሐኪም የልጄ ልጅ ነው ብለው የለዩት አያታቸው ናቸው። የለዩአቸውም በመልካቸው ወይም በንግግራቸው ሳይሆን፣ በሕፃንነታቸው ቈስለው በዳኑበት ጠባሳ ነበር። ከዚያም ወዲያ ወርቅነህ በሚለው ስማቸው እንደገና ተጠሩ።

ይህን ጠባሳ የሠራው ምንድን ነው? ምሥጢሩ መገለጥ የጀመረው ሐኪሙ ላሆር ከተመረቁ ብዙም ሳይቆይ ነው። በ1875 ዓ.ም. ኢሊያ ሜችኒኮፍ የተባለ የሩስያ ሊቅ በሲሲሊ ደሴት ተቀምጦ፣ እንደ መስተዋት ጥርት ባለች የባሕር ኮከብ እጭ ውስጥ የጽጌረዳ እሾህ ሰካ። በማግሥቱ በአጉሊ መነጽር ሲመለከት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበው አገኘ።

በሰውም ቁስል ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ቆዳ ሲቀደድ ነጭ የደም ሕዋሳት በደም ሥር ግድግዳ መካከል ሾልከው ወደ ቁስሉ ይጎርፋሉ። ተሕዋሲ ሲያገኙ ሰውነታቸውን እንደ ክንድ ዘርግተው ያቅፉታል፤ ወደ ውስጣቸው አስገብተውም እንደ ምግብ ይፈጩታል። በሥራው የሚሞቱት ብዙዎች ናቸው፤ መግል የምንለው አብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ግዙፎቹ ነጭ ሕዋሳት ተተክተው የሞተውን ሥጋና ፍርስራሹን ውጠው ያጸዳሉ፤ ጠጋኝ ሕዋሳትንም ይቀሰቅሳሉ። እነዚህም ጠንካራ ክር ፈትለው ክፍተቱን ይደፍናሉ። ጠባሳ የሚባለው ይህ ጥልፍልፍ ነው። እንደ ቀድሞው ቆዳ ስላልሆነ፣ ሕፃኑ ቢያድግም ምልክቱ አይጠፋም።

ሐኪም ወርቅነህ ኋላ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የበላይ ኃላፊነት፣ በጠላት ወረራም ዘመን በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛነት አገለገሉ። በመስከረም 1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።