ከበር የተመለሰው ሙዚቀኛ

በርናርድ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ፣ በኖርዝ ካሮላይና ግዛት ተወልዶ ኒው ዮርክ ከተማ አደገ። በወጣትነቱ ከጊታር ተጫዋቹ ናይል ሮጀርስ ጋር ተገናኘና ሺክ የተባለውን የዲስኮ ባንድ አብረው መሠረቱ። የበርናርድ መሣሪያ ቤዝ ጊታር ነበር። የቤዝ ድምፅ ወፍራምና ዝቅ ያለ ስለሆነ ብዙ አድማጭ ልብ አይለውም፤ ጨፋሪው ግን እግሩን የሚያነሣው በእርሱ ምት ነው።

በ1977 መጨረሻ፣ በፈረንጆች ዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሁለቱ ጓደኛሞች በዘፋኟ ግሬስ ጆንስ ግብዣ ስቱዲዮ 54 ወደተባለው ስመ ጥር ጭፈራ ቤት ሄዱ። በጊዜው የእነርሱ ዘፈን በየጭፈራ ቤቱ ይጨፈርበት ነበር። በረኛው ግን አላስገባቸውም።

ተናደው ወደ ቤት ተመለሱ። መሣሪያቸውን አንሥተው በረኛውን እየሰደቡ ይጫወቱ ጀመር። ዜማው እያማረ ሲሄድ ስድቡን አውጥተው ሌላ ቃል ተኩበት። «ለ ፍሪክ» የተባለው ይህ ዘፈን በ1978 ወጥቶ በአሜሪካ አንደኛ ሆነ። በርናርድ በ1979 «ጉድ ታይምስ» በተባለው ዘፈን ላይ የተጫወተው የቤዝ ዜማም በዚያው ዓመት ከመጀመሪያዎቹ ታዋቂ የራፕ ዘፈኖች ለአንዱ መሠረት ሆነ።

በሚያዝያ 1996 ለኮንሰርት ቶኪዮ ሄዶ ሳለ ታመመ። ይሰረዝ ቢባልም እምቢ ብሎ ተጫወተ። በማግስቱ በሳንባ ምች ሞተ፤ ዕድሜው 43 ነበር።

ስቱዲዮ 54 ዛሬ ቴአትር ቤት ነው። ከበሩ የተመለሰው ሰው ቤዝ ግን አሁንም ያስጨፍራል።