ሐንስ ክርስቲያን አንደርሰን፤ ፍቅርን ጽፎ ፍቅርን ያላገኘው ሰው



በዚህች በኮፐንሀገን ከተማ ታክሲ የምንነዳ ሁሉ አንድ የማይቀርልን መንገድ አለ። አገር ጎብኚዎችን ከመሀል ከተማ አሳፍረን ላንገሊኒ ከተባለው የባሕር ዳርቻ እናደርሳለን። እዚያም ድንጋይ ላይ የተቀመጠች፣ የእግሮቿ ጫፍ የዓሣ ክንፍ የሆነ፣ አንገቷን ደፋ ያደረገች የነሐስ ልጅ አለች። ብዙዎቹ ሲያዩዋት ቅር ይላቸዋል፤ ቁመቷ 1 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነውና። ለዚህች ነው ወይ ይህን ያህል የከፈልነው በሚል ዓይን እኛን እኛን ያዩናል። እኛም ዝም ብለን ቆጣሪውን እናያለን።

ሐውልቷ ትንሽ ብትሆንም ከበስተኋላዋ ያለው ታሪክ ግን ትንሽ አይደለም። ለዚህ መጽሔት አንድ ነገር እንድንጽፍ በተጠየቅን ጊዜ፣ የዩኒቨርሲቲ ትምህርታችንን አቋርጠን መሪ ከመጨበጣችን በፊት የነበረችንን የንባብ ፍቅር ቀስቅሰን፣ የዚህን ታሪክ ባለቤት ሕይወት ልናካፍላችሁ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐንስ ክርስቲያን አንደርሰን ኤፕሪል 2 ቀን 1805 በኦዴንሴ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጫማ ሰፊ፣ እናቱ የሰው ልብስ አጣቢ ነበሩ። አባትየው ድሀ ቢሆንም መጻሕፍት ይወድ ነበርና ለልጁ የሺህ አንድ ሌሊት ተረቶችን ያነብለት ነበር። እናቲቱ ግን ፊደል አልቆጠረችም። አባቱ በ1816 ሲሞት ሐንስ የ11 ዓመት ልጅ ነበር።

በ1819፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ እናቱን ተሰናብቶ ጥቂት ገንዘብ ቋጥሮ ብቻውን ወደ ኮፐንሀገን መጣ። ሐሳቡ ዘፋኝ ወይም ተዋናይ ለመሆን ነበር። መልካም ድምፅ ስለ ነበረው አንዳንድ ደግ ሰዎች ረዱት። ጉርምስና ሲመጣ ግን ድምፁ ተሰበረ፤ የዘፋኝነት ተስፋውም አብሮ ተሰበረ። ድምፅን ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ከተረት ሳይሆን ከራሱ ጉሮሮ ያወቀው ያኔ ነው።

በዚህ ጊዜ ከንጉሡ ቴአትር ቤት ኃላፊዎች አንዱ የነበሩት ዮናስ ኮሊን አዘኑለት። ከንጉሥ ፍሬደሪክ 6ኛ ድጎማ አስፈቅደው በ1822 ስላግልሴ በምትባል ከተማ ትምህርት ቤት አስገቡት። የ17 ዓመት ጎረምሳ፣ ረጅምና ቀጭን፣ ከትንንሽ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ርእሰ መምህሩ ሲያዋርዱት የኖሩትን ኑሮ እስከ እርጅናው ድረስ በሕልሙ ያየው ነበር። ሆኖም ቻለው፤ በ1828 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን አለፈ። በ1835 የመጀመሪያ ልብ ወለዱንና የመጀመሪያዋን ትንሽ የተረት መጽሐፉን አሳተመ። ከዚያ በኋላ ብዕሩ አላረፈም።

ወደ ፍቅሩ ነገር ስንመጣ ግን የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው ነው። በ1830 ሪቦር ፎይት የተባለች ልጅ ወደደ፤ እርሷ ግን ቃሏን ለሌላ ሰጥታ ነበርና በተከታዩ ዓመት ያንኑ ሰው አገባች።

ከሁሉ የባሰችው ቁስል ግን ከኮሊን ቤት የመጣችው ናት። የዮናስ ኮሊን ቤተሰብ አንደርሰንን እንደ ቤት ልጅ ተቀብሎት ነበር። እርሱም የኮሊንን ልጅ ኤድቫርድን ከማንም አብልጦ ወደደ። ይህ ፍቅር ምን ዓይነት እንደ ነበር ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ ደብዳቤዎቹ ግን የናፍቆት ደብዳቤዎች ናቸው። በ1831 አንደርሰን ከጉዞ ላይ ሳለ አንድ ነገር ብቻ ለመነው፤ አንቱታውን ትተን አንተ እንባባል አለው። አማርኛ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ልመና ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የዴንማርክ ቋንቋም እንደ እኛው አንተና እርስዎ አለው። ኤድቫርድ በትሕትና እምቢ አለ። በገበታ አንድ ላይ እየቆረሱ፣ የአንዱን ምስጢር አንዱ እያወቀ፣ በእርስዎ ዘመናቸውን ፈጸሙ። ኤድቫርድ በ1836 ሔንሪየተ የተባለች ሴት አገባ።

በተከታዩ ዓመት፣ በ1837፣ አንደርሰን ትንሿን የባሕር ልጅ አሳተመ። ተረቱ በአጭሩ እንዲህ ነው። የባሕሩ ንጉሥ ስድስት ሴቶች ልጆች ነበሩት። የመጨረሻዪቱ 15 ዓመት ሲሞላት ከውሃው በላይ ብቅ አለች፤ መርከቡ የተሰበረበትንም ልዑል ከሞት አዳነችው። እርሱ ራሱን ስቶ ነበርና ማን እንዳዳነው አላወቀም። እርሷ ግን ልዑሉንም፣ የሰው ልጅ ያላትን የማትሞት ነፍስም ተመኘች። ከባሕር ጠንቋይ ዘንድ ሄዳ እግር ለመነች፤ ዋጋው ምላሷ ሆነ። ምላሷ ተቆርጦ እግር አገኘች፤ በተራመደች ቁጥር ግን ስለት የምትረግጥ ያህል ያማት ነበር። ልዑሉ ሌላ ካገባም በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሞታ የባሕር አረፋ ልትሆን ነው። ልዑሉ ወደዳት፤ የወደዳት ግን እንደ ሕፃን ልጅ ነበር። ያዳነችኝ ናት ብሎ ያሰባትን ሌላይቱን አገባ። እኅቶቿ ጸጉራቸውን ለጠንቋይዋ ሰጥተው፣ ልዑሉን ገድላ ወደ ቤቷ እንድትመለስ ቢላዋ አመጡላት። እርሷ ግን የተኛውን አይታ ቢላዋውን ወደ ባሕር ወረወረች፤ ራሷም ተከትላ ገባች። አረፋ ሆና ግን አልቀረችም። ከአየር ልጆች ተቆጠረች፤ 300 ዓመት መልካም ብትሠራ የማትሞት ነፍስ እንደምታገኝ ተስፋ ተሰጣት።

በ1989 የወጣው የአሜሪካኖቹ የካርቱን ፊልም ይህን ሁሉ በሠርግ ስለሚጨርሰው፣ ልጆቻችን የሚያውቁት ያንን ነው።

አንደርሰን ከዚያም በኋላ ዬኒ ሊንድ የተባለችውን ዝነኛ የስዊድን ዘፋኝ ወደደ፤ እርሷ ግን ወንድሜ ከማለት አላለፈችም። ዝናው በዓለም ሲናኝ፣ ነገሥታት ሲጋብዙት፣ እርሱ ትዳር ሳይዝ ከወዳጅ ቤት ወደ ወዳጅ ቤት ሲዞር ኖረ። በ1867 የትውልድ ከተማው ኦዴንሴ የክብር ዜጋ አድርጋ በብርሃን አሸብርቃ ተቀበለችው። የልብስ አጣቢዋ ልጅ ያን ቀን ጥርሱን ታሞ ነበር ይባላል። ኦገስት 4 ቀን 1875 በ70 ዓመቱ በወዳጆቹ ቤት ዐረፈ። ደረቱ ላይ ትንሽ የቆዳ ከረጢት ተገኘ፤ በውስጡ የሪቦር የድሮ ደብዳቤ ነበረ።

የተቀበረው በአሲስተንስ መካነ መቃብር ነው። ኤድቫርድና ሔንሪየተም ከጊዜ በኋላ አጠገቡ ተቀብረው ነበር፤ ነገር ግን ዘመዶቻቸው ዐፅማቸውን አንሥተው ወደ ቤተሰባቸው መቃብር ወሰዱት። ዛሬ ያለው ብቻውን ነው።

የነሐሷ ልጅ የኤድቫርድ ኤሪክሰን ሥራ ስትሆን፣ የቢራ ፋብሪካው ባለቤት ካርል ያኮብሰን ለከተማው በስጦታ ሰጥተዋት በኦገስት 1913 ተመረቀች። በ1964ና በ1998 ራሷን፣ በ1984 ክንዷን ቆርጠው ወስደውባታል። ሁል ጊዜም ተጠግና እዚያው ድንጋይዋ ላይ ትቀመጣለች።

ባለፈው በጋ ልጃችንን ወደዚያ ወሰድናት፤ ተረቱንም እንደ አባባ ተስፋዬ ባናምርበትም ከተረት ተረት፣ የላም በረት ጀምረን በአማርኛ ነገርናት። ምላሷ የተቆረጠው ላይ ስንደርስ ልጅቱ በዴንማርክኛ አንድ ጥያቄ ጠየቀችን፤ መናገር ካልቻለች ለምን አልጻፈችለትም አለች። መልስ አጣን። ወደ ቤት ስንመለስ ነው አንደርሰን ትዝ ያለን። እርሱ ጽፎ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን ጻፈለት፤ መልሱ ግን እርስዎ ሆኖ ቀረ። ይህንኑ በአማርኛ ነገርናት። የገባት ይመስለናል፤ ዝም ብላ ብዙ ቆየች።

ወገኖቻችን ሆይ፣ ወደዚህ አገር ስንመጣ ሁላችንም እግር አግኝተን ምላስ ያጣን ሰዎች ነበርን። ዶክተሩም መምህሩም ወታደሩም የቋንቋ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ እንደ ሕፃን ተቀምጠናል። የሰጠነውን ዋጋ እያወቅን ሰጠን፤ ለልጆቻችን ስንል ነውና አይቆጨንም። ነገር ግን ልጆቻችን የእኛን ድምፅ እንዲሰሙት በየቤታችን ተረት እናውራላቸው፤ የራሳችንንም፣ የዚህን አገር ሰዎችም፣ በአማርኛ። መልሳቸው በሌላ ቋንቋ ቢመጣም አንቆጣ፤ መጠየቃቸው ራሱ መስማታቸው ነው።

አሥር ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ፣ ብዙ ጊዜም ያለ ምስጋና፣ ቅዳሜያቸውን ለማኅበሩ ለሰጡ ሁሉ፣ እንደ አየር ልጆች ድካማቸው ይቆጠርላቸው እያልን እንሰናበታለን። ተረታችንን መልሱ፣ አፋችንን በዳቦ አብሱ።